ከክምሩ ሥር ያለው እርጥበት

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ላይ በመመስከር ነው።

ሠፈራችን ውስጥ ሦስት ላሞች ያሏቸው፣ ሁላችንም «ሐጃ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት አሉ። ልጄ ጡት ከተወች ጀምሮ ወተቷ የሚመጣው ከእርሳቸው ቤት ነበር። ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጣሳዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሐጃም «ለልጅቷ ነው» እያሉ ሁልጊዜ ትንሽ ጨመር ያደርጉልኛል። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ስሄድ በግቢያቸው የጆንያ ፋጉሎ ተደግፎ አየሁ። የኑግ ፋጉሎ ነው። የጆንያው ሥር በዝናብ ርሶ ጠቁሯል። ጠጋ ስል የሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ከዓመታት በፊት ያነበብኩት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ትዝ አለኝ። ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ወተቱን ከፍዬ ወሰድኩ፤ ቤቴ ስደርስ ደፋሁት። ከማግሥቱ ጀምሮ እግሬን ከዚያ ቤት ቆረጥኩ። ለእህቴ ደውዬ «ከሠፈር ወተት ለልጆችሽ አትግዢ» አልኳት። ሐጃ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ምነው ልጄ ጠፋህ?» ሲሉኝ «ልጅቷ ወተት ጠላች» ብዬ መለስኩላቸው። ዋሸሁ። የቀሩት የሐጃ ደንበኞች ልጆች ግን ያንኑ ወተት መጠጣታቸውን ቀጠሉ።

ይህ ያደረግሁት ነገር በየትኛውም ሕግ አያስከስሰኝም። የራሴን ልጅ ጠብቄአለሁ፤ የማንንም ስም አላጠፋሁም፤ የማንንም ገበያ አልዘጋሁም። ታዲያ ለምንድነው ሕሊናዬ ሌሊት ሌሊት የሚወቅሰኝ? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ በዓይን በማይታይ፣ ማንም ሆን ብሎ ባልጨመረው መርዝ ተጠያቂው ማነው?

በቅድሚያ ነገሩን እንወቀው። ኑግ፣ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና የመሳሰሉት እህሎች በእርጥበትና በሙቀት ሲቀመጡ አንድ ዓይነት ሻጋታ ይወልዳሉ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ኑጉ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ ተረፈ ምርቱ ፋጉሎ ሆኖ ለላም ይቀርባል። ላሟ ከመኖው ጋር የበላችው መርዝ በጉበቷ ውስጥ አልፎ መልኩን ይለውጥና የተወሰነው እጅ፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እስከ ሦስት የሚሆነው፣ ኤም አንድ በተባለ ዓይነት በወተቷ ይወጣል። ላሟ ፋጉሎውን በበላች በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ወተቷ ውስጥ ይገኛል። የወተቱ ቀለም አይለወጥም፤ ጣዕሙም፣ ሽታውም እንዲሁ። እናቶቻችን የሚተማመኑበት ማፍላትም አያጠፋውም፤ ፋብሪካ የሚያደርገው በሙቀት ማከምም እንደዚሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት አፍላቶክሲንን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተራ መድቦታል። በተለይ የጉበት ካንሰርን ያመጣል፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙናዎችና 156 የመኖ ናሙናዎች ሰብስበው መርምረው ነበር። ከ110ሩ አንድም ንጹሕ አልተገኘም። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ከሚባለው ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከሚፈቅደው 0.5 ማይክሮግራም በላይ ይዘው ተገኙ። ከሁሉ የከፋው 4.98 ነበር። በኑግ ፋጉሎ ውስጥም ከባድ መርዝ ተገኝቷል።

ያኔ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ወሬው ሲሰማ እኔም አጭር ዜና ጻፍኩ። ለጥቂት ሳምንት በየቤቱ ተወራ፤ አንዳንዱ ወተት አቆመ፤ ከዚያ ተረሳ። እኔም ረሳሁት። ከዜናው በኋላ ወደ አንድ የዘይት መጭመቂያ እንኳ ሄጄ «ኑጉን የት ታስቀምጣላችሁ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ለምን ተረሳ? መልሱ ከዚህ መርዝ ታሪክ ውስጥ የሚገኝ ይመስለኛል። አፍላቶክሲን መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለረገፉ ነው። ሲመረመር ከብራዚል የመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው ተገኙ። ጫጩቶቹ በአንድ ጊዜ ባይሞቱ ኖሮ ማን ይጠይቅ ነበር? ኬንያ ውስጥ በ2004 የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሲሞቱ ዓለም ሁሉ ሰማ። በወተት በኩል የሚመጣው ጉዳት ግን እንዲህ አይደለም። በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ጉበቱን ይታመማል፤ ሐኪሙም ሆነ ቤተሰቡ ስለ ልጅነቱ ወተት አያነሱም። ቀስ ብሎ የሚገድል ነገር ለቀስተኛም ከሳሽም የለውም። ለዚህ ነው የምንረሳው።

ስለ ወተትና ስለ አማና ሲነሳ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ሌሊት በመዲና ሲዘዋወሩ አንዲት እናት ልጇን ወተቱ ላይ ውሃ እንድትጨምር ስታዝዛት ሰሙ። ልጅቱ ዑመር ከልክለዋል አለች። እናትየው ዑመር እዚህ የት ያዩናል ስትላት፣ ልጅቱ ዑመር ባያዩን የዑመር ጌታ ያየናል ብላ እምቢ አለች። ዑመርም ይህችን ልጅ ለልጃቸው ለዓሲም ዳሯት፤ ከዘሯም ያ ፍትሐዊው ኸሊፋ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ እንደተገኘ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ታሪኩ ውብ ነው። ነገር ግን ለዛሬው ጥያቄያችን በቀጥታ መልስ አይሰጠንም። ልጅቱ ውሃው መጨመሩን ታውቃለች፤ ውሃ በገዛ እጅ የሚጨመር ነገር ነው። ቻይና ውስጥ በ2008 ወተት ላይ ሜላሚን ጨምረው ስድስት ሕፃናት እንዲሞቱና ሦስት መቶ ሺህ ያህሉ እንዲታመሙ ያደረጉትን ሰዎች በዚህ ታሪክ ልንዳኛቸው እንችላለን። ሐጃ ግን ወተታቸው ላይ ምንም አልጨመሩም። መርዙ ከመኖ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት በራሱ መንገድ ተጉዞ መጣ።

ለእኛ ጥያቄ የሚቀርበው ሌላው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አገኙና እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለእህሉን ምንድነው ይህ ብለው ጠየቁት። ዝናብ አግኝቶት ነው አለ። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ አላደረግኸውም አሉት፤ የሚያታልልም ከእኛ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሁለት ነገሮቹን ያስተዋልኩት ግን የሐጃን ጆንያ ካየሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው፣ ሰውየው የተወቀሰው እህሉ በመርጠቡ አይደለም። ዝናብ ከአላህ ነው፤ ማንም በዝናብ አይጠየቅም። የተወቀሰው እርጡቡን ከሥር፣ ደረቁን ከላይ በማድረጉ ነው። ሁለተኛው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክምሩን ከላይ አይተው አላለፉም፤ እጃቸውን ሰደዱ። እርጥበቱ የታወቀው በእጅ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የእኛ እርጥበት እጅ የማይደርስበት ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የላቦራቶሪ ምርመራ ማለት ወደ ክምሩ የሚሰደድ ረዥም እጅ ማለት ነው። ጥንት በሙስሊሙ ዓለም ገበያውን የሚቆጣጠሩት ሙሕተሲቦች ወተት ውሃ እንደተቀላቀለበት ለማወቅ ፀጉር ይነክሩበት እንደነበር የሒስባ መጻሕፍት ይናገራሉ። በዚያ ዘመን የነበራቸው መሣሪያ ፀጉር ነበር፤ በፀጉሩ ተጠቀሙ። ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ አፍላቶክሲንን የሚጠቁም የመመርመሪያ ወረቀት አለ፤ ልኩን በትክክል የሚያሳይ የላቦራቶሪ መሣሪያም አለ። ስለዚህ ጥያቄው «መርዙን ማን ጨመረው?» መሆኑ ቀርቶ «እጁን መስደድ እየቻለ ያልሰደደው ማነው?» ይሆናል።

ይህን ብለን ሰንሰለቱን እንመልከት። ዘይት ጨማቂው «እኔ የምሸጠው ዘይት ነው፤ ፋጉሎው ተረፈ ምርት ነው» ይላል። የመኖ ነጋዴው «የገዛሁትን ሸጥኩ» ይላል። ላም አርቢው «የላሜን ሆድ ሞላሁ» ይላል። ወተት ሰብሳቢው «ውሃ እንዳልገባበት መዝኜ ተቀበልኩ» ይላል። ፋብሪካው «አፍልቼ አሸግሁ» ይላል። ተቆጣጣሪው «አቤቱታ አልቀረበልኝም» ይላል። ጋዜጠኛው «ዘግቤአለሁ» ይላል። ገዢው ደግሞ፣ ማለት እኔ፣ «የራሴን ልጅ አዳንኩ» ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው፤ ሁሉም ግን እርጥቡን ከሥር አድርጎ ነው የተናገረው።

አለማወቅ ምክንያት አይሆንም ወይ? ይሆናል። ግን አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማወቂያ መንገድ ያጣ ሰው አለማወቅ ነው። ሦስት ላም ያላቸው፣ ስለ አፍላቶክሲን ማንም ያልነገራቸው እናት በዚህ ውስጥ ናቸው፤ አላህም ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ሌላው ግን ቢያውቅ ግዴታ እንደሚመጣበት ስለሚያውቅ ላለማወቅ የሚጠነቀቅ ሰው አለማወቅ ነው። በቀን ብዙ ሺህ ሊትር ወተት እየተቀበለ፣ ከውጤቱ በኋላ ወተቱን መድፋት እንዳይመጣበት ብሎ የማይመረምር ድርጅት ቢኖር፣ አለማወቁ ምክንያት ሳይሆን መሸሸጊያ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ «አላየሁም» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ሐቀኛ ነው የሚለው ግን የለም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ የማከብረው ወንድም እንዲህ አለኝ፦ «ይህን ብትጽፍ ድሃው ላም አርቢ ይከስራል፤ እናቶችም ወተት ይከለክላሉ፤ ልጅ ያለ ወተት ቢቀነጭር ተጠያቂው አንተ ነህ።» ቀላል ነገር አልተናገረም። ሕፃናት በምግብ እጥረት በሚጎዱበት አገር ወተት ትልቅ ኒዕማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ማንም የልጁን ወተት እንዲያቋርጥ አልፈልግም። ግን የወንድሜ ቃል የሚያዘው ዝም እንድንል ነው ወይስ አነጋገራችንን እንድናሳምር? ዝምታ ድሃውን አይጠብቀውም። ያንኑ ወተት ቀድመው የሚጠጡት የድሃው የራሱ ልጆች ናቸው። ዝምታ የሚጠብቀው እውቀቱ ያለንን፣ ሌላ ወተት ፈልገን መግዛት የምንችለውን ነው። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የልኩ ነገርም ሳይነሳ አይታለፍም። ሰርቢያ ውስጥ በ2012 ከደረሰው ድርቅ በኋላ በቆሎው ተመርዞ በ2013 መጀመሪያ ወተቱ ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ። መንግሥት ታዲያ የሚፈቀደውን ልክ ከ0.05 ወደ 0.5 ከፍ አደረገው። ትናንት የተከለከለው ወተት ዛሬ በብዕር ተፈቀደ። ወተቱ ግን ያው ወተት ነው። በአንድ በኩል ሥራው ያሳፍራል። በሌላ በኩል ደግሞ 0.5 ብዙ አገሮች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ ልክ ነው፤ ከሰማይ የወረደ ልክ የለም፤ ሁሉም ልክ በገንዘብና በሕይወት መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። በእኔ እይታ ነውሩ ያለው በቁጥሩ ላይ አይደለም፤ የሚጠጣው ሰው ሳይነገረው በሌላ ሰው ስምምነት መገዛቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሐጃ ልመለስ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጁሙዓ ከሶላት መልስ ሄድኩ። ስለ ልጄ የነገርኳቸው ውሸት መሆኑን ነገርኳቸው፤ ዐፍው እንዲሉኝ ለመንኩ። ከዚያ ስለ ፋጉሎው አስረዳኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም «ሁለት ወር ሙሉ ይህን ይዘህ በደጄ ታልፍ ነበር?» አሉኝ። ስለ መርዙ ከመጠየቃቸው በፊት የጠየቁኝ ይህን ነው። መልስ አልነበረኝም።

በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ ላቦራቶሪ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ከወተታቸው አንድ ጠርሙስ ወስጄ ሰጠሁት። ውጤቱ ከ0.05 በላይ፣ ከ0.5 በታች ሆኖ መጣ። አውሮፓ ቢሆን ይደፋል፤ በሌላው አገር ይሸጣል። ውጤቱን ስነግራቸው ሐጃ «ታዲያ ልጄ፣ ሐላል ነው ሐራም?» አሉኝ። እኔ ዓሊም አይደለሁምና ፈትዋ አልሰጠሁም። «ያወቅነውን ከላይ ማድረግ ግን ግዴታችን ይመስለኛል» አልኳቸው።

ሐጃም አደረጉት። የረጠበውን ጆንያ ጣሉ፤ ፋጉሎውን ቀንሰው ድርቆሽና ፉርሽካ አበዙ፤ የቀረውንም ከመሬት ከፍ አድርገው በእንጨት ላይ አስቀመጡ። ለሚገዛቸውም ሰው ሁሉ «ወተቴ ተመርምሮ ይህ ተገኝቶበታል፤ መኖውን ለውጫለሁ» እያሉ ነገሩ። ከአሥራ ሁለቱ ደንበኞቻቸው አምስቱ ቀሩ። የት ሄዱ? እዚያው ሠፈር፣ ወተቱ ጨርሶ ካልተመረመረ፣ ምንም ከማይናገር ሻጭ ዘንድ።

ውድ አንባቢያን፣ ለእኔ የዚህ ጉዳይ መቋጫ ያለው እዚህ ላይ ነው። እርጡቡን ከላይ ያደረገውን ነጋዴ ትተን ክምሩ ከላይ ደረቅ ወደሚመስለው የምንሄድ ከሆነ፣ ማታለልን የምናስተምረው እኛ ገዢዎች ነን። ሻጭ ሐቀኛ እንዲሆን የሚጠይቅ ገበያ ሐቁን ሲሰማ አለመሸሽ አለበት። የሐቅን ዋጋ ሻጩ ብቻውን የሚከፍል ከሆነ፣ ነገ ሐቁን የሚነግረን አይኖርም።

ምን እናድርግ ለሚል፣ የሚደረግ አለ። ከወተቱ ይልቅ መኖውን መመርመር ይቀላል፤ ከአንድ መጭመቂያ የሚወጣ ፋጉሎ ብዙ ላሞች ዘንድ ይደርሳልና። ኑጉ ሳይጨመቅ በደንብ ቢደርቅ፣ ፋጉሎውም ከእርጥበት ቢጠበቅ አብዛኛው መርዝ ሳይወለድ ይቀራል። የተመረዘው መኖ ሲቋረጥ ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል፤ ላሟም ወተቷም አይጠፉም። ፋብሪካዎች ሲቀበሉ ይመርምሩ፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ውጤቱን ለሕዝብ ይንገር። ምርመራ ለአንድ ባለ ሦስት ላም ይከብዳል፤ ለአንድ ማኅበር ግን አይከብድም። ለቀብር የሚያዋጣ ዕድር ለልጆቹ ወተት ማዋጣት አይሳነውም። እኛ በሠፈራችን ሰባት ቤተሰቦች ሆነን በየሦስት ወሩ የሐጃን ወተት ለማስመርመር ማዋጣት ጀምረናል። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ መጣ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ከሄዱት አምስት ደንበኞች ግን እስካሁን የተመለሰው አንድ ብቻ ነው።

እኔም ጠዋት ጠዋት ጣሳዬን ይዤ መሄድ ጀምሬአለሁ። ሐጃ ዛሬም ለልጅቷ ጨመር ያደርጉልኛል። ሲቀዱልኝ ግን እንደ ድሮው ዓይናቸውን ቀና ብዬ ለማየት ገና አልደፈርኩም።

ወላሁ አዕለም።